«ለወፍ ስል ጭቃ ላቡካ?»

ክረምቱ እንደ ልማዱ አጨቅይቶን፣ ጣሪያችንን ሌት ተቀን ደብድቦ፣ ያጠብነውን ልብስ ሳያደርቅልን ሊወጣ ነው። አደዩም በየአጥሩ ሥር ቢጫ ቢጫውን ማሳየት ጀምሯል። በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ፍቅረኛ ክህደትም፣ ስለ አማት ጣጣም የጻፋችሁ አላችሁ… ተራችሁን ጠብቁ። ለዛሬ የመረጥኩት የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ አላወጣነውም፤ ትንሽም አሳጥሬዋለሁ።

«የአራት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቹ ሁሉም ከቤት ወጥተዋል፤ የመጨረሻዋ አሜሪካ ናት። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። እሱም ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ግቢያችን ሰፊ ነው፤ ከፊት ለፊት ጽጌረዳና እሬት አለ፣ ጓሮው ግን ሣር ነው፤ ክረምት ሲሆን ወገብ ይደርሳል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እዚህ ሣር ላይ አንዲት የመስቀል ወፍ ትመጣለች። መላ አካሏ ጥቁር ሆኖ ወገቧና ትከሻዋ ላይ ቢጫ አላት። ልጄ በላከችልኝ ስልክ ፎቶ እያነሳሁ እልክላታለሁ፤ ጥሩ አይወጣልኝም እንጂ። እሷም ‹እማዬ ወፏ መጣች ወይ?› እያለች ከነሐሴ ጀምራ ትጠይቀኛለች። አሁን ባለቤቴ ጓሮውን በሙሉ ሊሾ ላስደርገው ብሎ ተነሳ። ለግንበኛ ቀብድ ሰጥቷል፤ ሥራው የሚጀመረው ከመስቀል ማግሥት ነው። ‹ወፏስ?› ስለው ‹ለወፍ ስል ጭቃ ላቡካ?› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሐምሌ ላይ አንሸራቶት ጉልበቱን ተጎድቷል። እኔም በወፍ የተነሳ ከባሌ ተጣላሁ ብዬ ለሰው መናገር አፈርኩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እናቴ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ማፈር አይገባዎትም። በቴሌቪዥን ሪሞት የሚኳረፍ ባልና ሚስት ባለበት ከተማ በወፍ መጣላት እንዲያውም ክብር ነው።

ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የባለቤትዎ ጉልበት ከወፏ ይቀድማል። በእሳቸው ዕድሜ አንድ መውደቅ ምን እንደሚያመጣ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ «ሣሩ አይነካ!» ብለው ቢቆሙ እኔ ከእርስዎ ጋር አልቆምም። ጥያቄው መሆን ያለበት «ሣር ወይስ ሊሾ?» አይደለም፤ ጋሼ በግቢው ውስጥ የሚሄዱት ከየት ወዴት ነው? የሚለው ነው። ከበር እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ ከዚያ እስከ ልብስ ማስጫው፣ ምናልባት እስከ ጓሮ በሩ… ሌላ የት ይሄዳሉ? መሬቱን ትንሽ ቆፍሮ፣ ጠጠርና አሸዋ ደልድሎ፣ ላዩ ሻካራ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢነጠፍበት፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ቢሆን ጉልበታቸው ተረፈ ማለት ነው። ቀብድ የበላው ግንበኛም ሥራ አያጣም፣ እሱኑ ይሥራ!

ሊሾውን በተመለከተ ደግሞ ጋሼን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ዝናብ የጠገበ ሊሾ ላይ ቆመው ያውቃሉ? ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሽበት ያበቅልና ከጭቃው ብሶ እግር ይከዳል። ዝናቡስ ወዴት ይሂድ? አሁን ሣሩ እየጠጣ መሬት ውስጥ ያሰርገዋል። ጓሮው በሙሉ ሲደፈን የሐምሌና የነሐሴ ውኃ ወይ ወደ በርዎ ወይ ወደ ጎረቤት ነው የሚሮጠው። ከዚያ በኋላ ጠቡ ከጎረቤት ጋር ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ወፏ። «ያቺ» ብለው ነው የጻፉልን። ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንላት። ነገር ግን እናቴ፣ የእርስዎ ወፍ ወንድ ነው!

የመስቀል ወፍ የሚለውን ስም ሕዝባችን ለአንድ ወፍ ብቻ አልሰጠውም። አንዱ አገር ቀይና ጥቁሩን ይለዋል፣ ሌላው ጭራው ከራሱ አካል የሚረዝመውን ጥቁርና ነጭ። ከአጻጻፍዎ እንደተረዳሁት የእርስዎ እንግዳ ፈረንጆቹ «የሎ ቢሾፕ» የሚሉት ነው። ቢሾፕ ማለት ጳጳስ ነው፤ ወፉ ካባ የለበሰ መስሏቸው ነው። እኛ በበዓሉ ጠራነው፣ እነሱ በጳጳሱ… ሁላችንም ከቤተ ክርስቲያን አልራቅንም።

«እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» ብለን የምንወቅሰው ወዳጅ አይጠፋንም። ወፉ ሌላ አገር ከርሞ የሚመጣ ይመስለናል። እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አገር ነው። የሚቀይረው ልብሱን ነው። በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ የመሰለ ነው። ከመንጋው ጋር ዘር ሲለቅም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ያንን ላባ ይጥልና ጥቁሩን ይለብሳል፣ ቢጫውንም ያደምቃል። ለምን ቢሉ ሚስት ሊያገባ! ያውም አንዲት ብቻ አይደለም፤ በዚህ እንኳን ጳጳስ አይመስልም። የጎጆውን ማገር ከሣር የሚሸምነው እሱ ነው፣ ውስጡን የምታለሰልሰውና እንቁላሉን የምትታቀፈው ሴቷ ናት። እሷ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ፣ እሱ ከላይ ላባውን ነፍቶ ይዘላል። (ይህን አንብባችሁ ጎናችሁ ወደ ተቀመጠው ሰው የዞራችሁ ሴቶች እንዳላችሁ አልጠራጠርም።)

ሣሩ እንግዲህ ለዚህ ወፍ ቤቱም ጓዳውም ነው። ጎጆው እዚያ ነው፣ ምግቡም የሣር ዘርና ነፍሳት ነው። ከመስቀል ማግሥት ማጭድ ቢገባበት ውስጡ ጫጩት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ግንበኛው መንገዱን አሁን ይሥራ። ከቤቱ ግድግዳ ሁለት ሦስት ሜትር ያህልም ይታጨድ፤ ጋሼ ስለ እባብና ስለ አይጥ ማንሳታቸው አይቀርምና። የቀረው ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ ይቆይ። ትንኝ ያመጣል ካሉዎትም ትንኝ የሚራባው የቆመ ውኃ ላይ ነው፤ ጓሮ የተጣለ ጎማና ቆርቆሮ ካለ እሱን ይድፉት።

ደግሞ አንድ ምልክት ልንገርዎት። ወንዱ ጥቁሩን ሲያወልቅም ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ አትለቀውም። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ቡናማ ወፎች ከመሬት ብድግ ሲሉ ከኋላው ቢጫ ብልጭ የሚል ካዩ እሱ ነው። ለልጅዎ «ወፏ መጣች» ብቻ ሳይሆን «ወፉ አለ» ብለው በበጋም ሊጽፉላት ነው ማለት ነው።

ጓሮው ውስጥ ያለው እሱ ብቻም አይደለም። ከፊት ለፊት እሬት አለኝ ብለዋል። ሲያብብ ጠዋት ጠዋት ልብ ብለው ይዩት፤ ምንቃሩ ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ ትንሽ ወፍ አበባው ላይ ተንጠልጥሎ ወለላውን ይመጣል። ስሙ በሳይንስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው በእኛው በተከዜ ወንዝ ነው፣ «ታካዜ ሰንበርድ»። ንጋት ላይ እንቅልፍ የሚነሳን፣ ረጅምና የተቆለመመ ምንቃር ያለው፣ በጣሪያ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ትልቅ ወፍ ደግሞ «ዋትልድ አይቢስ» ይባላል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር የትም አይገኝም። ሣር ላይ የሚያርፈው ትል ፍለጋ ነው፤ ሊሾ ላይ ምን ብሎ ይወርዳል? አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አላት ሲባል ስንሰማ ሐሳባችን ወደ ባሌና ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ ከመካከላቸው ስንቱ የልብስ ማስጫ ሽቦአችን ላይ እንደሚያርፍ ግን አንቆጥርም።

እውነተኛውን መንገደኛ ማየት ከፈለጉም በዚሁ ሰሞን ይመጣል። ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች አጭር ሣር ላይ የምትሮጥ ወፍ ካዩ እሷ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የመጣች ናት። ቁጥቋጦው ላይ እስስት ካለች ደግሞ አይፍሯት፣ ምንም አታደርግም። ቀለሟን የምትለውጠው ያረፈችበትን ለመምሰል ብቻ አይደለም፤ ሲበርዳት፣ ስትናደድ፣ ሌላ እስስት ስታይም ነው። ሁለቱን ዓይኖቿን ለየብቻ ስታዞር ያየ ሰው ቡናው ሳይጠጣ ይቀዘቅዝበታል።

አሁን «ጥሩ አይወጣልኝም» ወዳሉት ፎቶ ልምጣ።

ጊዜው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሁን። ያኔ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ወፎቹም ርቧቸው ይንቀሳቀሳሉ። ፀሐይዋ ከጀርባዎ ትሁን። ወፉ ሰማይ ላይ ሆኖ ካነሱት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያገኙት፤ ከጀርባው ሣር ወይም አጥር ይኑር። እየተከተሉት አይሂዱ፣ እሱ ይምጣልዎት። እንዴት? ከመስኮቱ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ አድርገው፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ አንድ ደረቅ እንጨት ይትከሉ። የዚህ ዓይነቱ ወፍ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ መታየት ይወዳል። መስኮቱን ይክፈቱት፣ በመስታወቱ ውስጥ አያንሱ። የክፍሉን መብራት አጥፍተው ከመጋረጃው ኋላ ይቀመጡ፤ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈው መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡት። ከማንሳትዎ በፊት ያቺን ትንሽ የካሜራ መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጓት፤ የወጥ ቤት ጣት የነካት ስልክ ሁሉንም ነገር ጉም ያለብሰዋል።

ዙሙን አይጎትቱት። አብዛኛው ስልክ ሥዕሉን ቆርጦ ማተለቅ ነው እንጂ ወፉን አያቀርብም። ስክሪኑ ላይ ወፉ ያለበትን ቦታ በጣትዎ ነካ አድርገው ይያዙት፣ እዚያው ላይ ያጠራል። ካስቸገረዎት ቪዲዮ ይቅረጹና ደህናውን ሥዕል ከዚያ ያውጡት። ዘመኑ የፊልም ቢሆን ኖሮ አንድ ወፍ 36ቱን ፊልም በልታ፣ ፎቶ ቤት ከፍለን ያሳጠብነው ሁሉ ባዶ ቅርንጫፍ ይሆን ነበር! አሁን መቶ አንስቶ ዘጠና ዘጠኙን ማጥፋት ነው። ፍላሽ ግን አይጠቀሙ፤ ጎጆውን ለማየትም ሣሩን አይክፈቱ። እርስዎ የከፈቱትን መንገድ ድመትና ቁራ ይከተሉታል።

ከወፉ ሌላ አንድ ፎቶ በየቀኑ ያንሱልኝ። ከዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ጓሮውን በሙሉ። መጀመሪያ አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ አደዩ ይገባበታል፣ ንቦቹ ይሰፍሩበታል (በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚሁ አበባ ነው)፣ ሸረሪቱ ያደራው ድር ላይ ጤዛው ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ቀስ በቀስም ሣሩ ጫፉ ላይ ይነጣል። ክረምቱ ሲወጣ በዓይን አይያዝም። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ይታያል።

እነዚህን ፎቶዎች ለጋሼ በንዴት ሰዓት አያሳዩዋቸው። ቡና ላይ ይሁን። በእኔ ግምት እሳቸውን የያዛቸው ጭቃው ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው «ይህን እኔ አሠራሁት» የሚለው ነገር ይፈልጋል፤ ሊሾ ደግሞ ቶሎ ይታያል። ስለዚህ ሥራ ይስጧቸው። የድንጋዩን መንገድ እሳቸው ይምሩት፣ ደረቁን እንጨትም እሳቸው ይትከሉት። ጣባ ላይ ውኃ ማስቀመጥና በየቀኑ መቀየርም የእሳቸው ድርሻ ይሁን፤ ከጥቅምት በኋላ ግቢው ሲደርቅ ወፉ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚመጣው። ወፉ ስንት ሰዓት እንደመጣ ደብተር ላይ ቢመዘግቡልዎትም አይከፋም። የሚመዘግብ ሰው የመዘገበውን ቶሎ አያስደፍንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም «የለም፣ ይደፈናል» ካሉ፣ ቢያንስ በአጥሩ ጥግ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የሣር መስመር ያስቀሩልዎት። ቢሾፑ በዚያች ይረካል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም። የእሬቱ ወፍ እንኳን አይቀርም።

ለልጅዎ ሲልኩ ደግሞ ፎቶውን እንደተለመደው አይላኩት፣ በመንገድ ላይ ይጨመቅና ይደበዝዛል። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩት፤ እርስዎ ያነሱት እንዳለ ይደርሳታል። የደረሰበትን ሰዓት አይተው ይደውሉላት፣ እዚያ ሌሊት እንዳይሆን ብቻ።