«አዲሱ መድኃኒት እስኪመጣ ኬሞውን እናቆየው?»

ሰሞኑን «አንድ ጂን ጸጥ ሲደረግ ኃይለኛው የጡት ካንሰር መሰራጨቱን አቆመ» የሚል ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ልካችሁልኛል። አንዲት እናትማ «ዶክተር፣ ልጄ ኬሞ ልትጀምር ነው፤ ይሄኛው እስኪመጣ ብንቆይስ?» ብለው ጠየቁኝ።

እባካችሁ አትቆዩ።

ምርምሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ጂን ፕሮቲን እንዲሠራ ትእዛዙን የሚልከው አርኤንኤ በሚባል መልእክት ነው። ከመልእክቱ ጋር የሚገጥም አጭር አርኤንኤ ሴሉ ውስጥ ሲገባ፣ ሴሉ ራሱ መልእክቱን ቆራርጦ ይጥለዋል። ጂኑ እዚያው አለ፤ ትእዛዙ ግን አይደርስም። አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 በትንሽዬ ትል ላይ አሳይተው በ2006 ኖቤል ተሸልመውበታል። ተመራማሪዎች ትሪፕል ኔጌቲቭ በሚባለው የጡት ካንሰር ላይ የሚሞክሩትም ወደው አይደለም። ይህ ካንሰር የኢስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና የኸር-2 መቀበያ ስለሌለው የሆርሞን ኪኒን አይሠራለትም።

ችግሩ ቪዲዮው ላይ የታየው ሴል ያለው ላብራቶሪ ሳህን ውስጥ መሆኑ ነው። ሳህን ላይ መድኃኒቱን ማፍሰስ ብቻ ይበቃል። ሰው ላይ ግን አርኤንኤው ደም ውስጥ ቶሎ ይሰባበራል፣ የተረፈውን ኩላሊት ያስወግደዋል፤ ካመለጠም ዕጢውን ፈልጎ፣ ጤነኛውን ሴል ሳይነካ መግባት አለበት። በዚህ ዘዴ ተሠርተው የተፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ፤ የመጀመሪያው ፓቲሲራን በ2018 ነው፣ ለኮሌስትሮል የሚሰጠው ኢንክሊሲራንም አለ። ሁለቱም የሚሠሩት ጉበት ላይ ነው፤ ጉበት ጋ ማድረስ ቀላል ስለሆነ። ለጡት ካንሰር የተፈቀደ ግን አንድም የለም።

እኔን የሚያናድደኝ ሳህኑን ደብቆ «መድኃኒት ተገኘ» የሚለው ርእስ ነው። ታማሚዋ ቤቷ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ዕጢው አይጠብቃትም። ደግሞ የሚገርመው፣ ትሪፕል ኔጌቲቭ ስሙ ቢያስፈራም ለኬሞ ጥሩ ምላሽ ከሚሰጡት የጡት ካንሰሮች አንዱ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ተሰጥቶ ዕጢው በጣም ሲያንስ፣ በአንዳንዶች ላይም ጨርሶ ሲጠፋ ይታያል።

የፓቶሎጂ ወረቀታችሁ ላይ የሦስቱ መቀበያዎች ውጤት መጻፉን ጠይቁ፤ ሕክምናው የሚመረጠው በእሱ ነው። ቪዲዮውንም ለካንሰር ሐኪማችሁ አሳዩት፣ አትፈሩ። ቀጠሮው ሰኞ ከሆነ ግን ሰኞ ሂዱ።