ስለ እስክስታ ወራጅ የወገብ ሕመም

ባለፈው ጥር ወር ከሐረር ጁገል ግንብ ውጭ በአንድ የሠርግ ድንኳን ተቀምጠን ሳለን፤ በእስክስታዋ የታወቀች አንዲት ወጣት ዘፈኑን ከመካከል አቋርጣ ወገቧን ይዛ ስትወጣ አየን። ዘመዶቿም «ኰርታ ነው፤ ሰንፋ ነው» ብለው ፈረዱባት። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የኖርን እንደ መሆናችን፤ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ያሳዝነናል። ልጂቱ ግን ሕመሙ ከወገቧ ወደ እግሯ እየወረደ ሦስት ወር ተሠቃይታ ኖሯል፤ እንጀራዋ በዘፈኗ ነውና ለማንም አልተናገረችም።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ ነገር አለ። ይህ ከስፍራው ወጥቶ ነርቭን ሲጫን ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል። እስክስታ የትከሻና የደረት ጨዋታ ቢመስልም፤ ያን ሁሉ ንቅናቄ ተሸክሞ የሚቆመው ወገብ ነው።

ቀድሞ ለእንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ቀን መተኛት ይታዘዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ሐኪሞች ይህን አይመክሩም። ሕመሙን የሚያብሰውን ንቅናቄ ለጊዜው መተው፤ በልክ መራመድ፤ የሆድንና የጀርባን ጡንቻ በባለሙያ ምክር ማጠንከር፤ ወደ ዘፈንም ቀስ በቀስ መመለስ ይገባል። አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል።

ነገር ግን እግር ከዛለ፤ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፤ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው። ትኩሳት፤ የሌሊት ላብና ክሳት ቢጨመርም ነቀርሳ አከርካሪን ይይዛልና መመርመር ያስፈልጋል፤ መድኃኒትም አለው። በከተማችን የጁገልና የሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ሳሉ፤ የታመመ ወገብን ማስረገጥ ጕዳት መጨመር ነው።

በማኅሌት ሌሊቱን ቆመው የሚያሸበሽቡ ካህናት መቋሚያቸውን ሲደገፉ፤ ደካሞች ናቸው የሚላቸው የለም። እናንተም ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ «አመመኝ» ስትል አስቀድማችሁ ስሟት፤ መቋሚያዋ እናንተ ናችሁና።

የዚያች ልጅ እናት ወቀሳዋን ትታ ልጇን ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ከፋሲካ በኋላ በነበረ ሠርግ ልጂቱ እስክስታ አልወረደችም፤ ተቀምጣ ከበሮ መታች። ያን ዕለት ከሁሉ አስቀድመው ያጨበጨቡላት እነዚያው ዘመዶቿ ነበሩ።