መጽሐፉን ከመጣልሽ በፊት ለማን እንደሚሆን ጠይቂ

ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ሁሉ የምታውቀው አንድ ሥራ አለ፤ ዕቃ ማውጣት። ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር፣ ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ፣ ሽማግሌው አባት ሲሞቱ፣ ከውጭ አገር መጥቶ ይሠራ የነበረው ጎረቤት ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ፣ ካርቶኑ አንቺ እጅ ላይ ይወድቃል። ልብሱ ለሰው ይሰጣል። ድስቱና ምንጣፉ ፈላጊ አያጣም። የተበላሸው ፍሪጅ እንኳ ሐራጅ ይወጣል። መጽሐፉን ግን ማዳም "ይውጣ" ትልሻለች፤ አንቺም ተሸክመሽ ወደ ቆሻሻው ትወርጃለሽ። በዚህ ከተማ የስንት መጽሐፍ ዕጣ የሚወሰነው ከቤቱ በር እስከ መጣያው ባለችው ሃምሳ እርምጃ ላይ መሰለሽ? በዚያች መንገድ ላይ ደግሞ መጽሐፉን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም።

ቁርኣን ወይም የአላህ ስም ያለበት ወረቀት ከሆነ ማንም ሊመክርሽ አይገባም። ለእንዲህ ያለው ወረቀት ለብቻው የተቀመጠ ሳጥን እንዳለ ታውቂያለሽ። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላው ነው፤ ክብሩን የሚያውቅለት ሰው አጠገቡ ስለሌለ ብቻ ስለሚጣለው።

ሆን ብዬ ከእኛ በጣም የራቀ ምሳሌ ልስጥሽ። ካርቶኑ ውስጥ ስለ አይርላንድ የቴኒስ ታሪክ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ አገኘሽ እንበል። ቴኒስ ለጅዳ እንግዳ አይደለም፤ በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ወጣት ቴኒስ ተጫዋቾች የዓመቱን የመጨረሻ ውድድራቸውን ያደረጉት እዚሁ ነው። ቢሆንም የአይርላንድን የድሮ ቴኒስ ማን ያነበዋል? ባብ መካ ገበያ ወስደሽ ብትዘረጊው አንድ ሪያል የሚሰጥሽ አይገኝም። አይርላንድ ውስጥ ግን ቲፐረሪ የሚባል የገጠር አካባቢ አለ። የዚያ አገር ልጅ የሆነችው ሊና ራይስ በ1890 እ.ኤ.አ. ለንደን ዊምብልደን ላይ የሴቶችን ውድድር አሸነፈች። በዚያው ዓመት የወንዶቹን ያሸነፈውም ዊሎቢ ሃሚልተን የሚባል አይርላንዳዊ ነበር። ከእሷ በኋላ እስከ ዛሬ ዊምብልደንን በነጠላ ያሸነፈች አይርላንዳዊት የለችም። እንግዲህ ጅዳ ላይ የወረቀት ክምር የሆነው መጽሐፍ፣ ለቲፐረሪ ትምህርት ቤት ወይም በደብሊን ከተማ ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላለው ለፊትዝዊልያም የቴኒስ ክለብ የቤተሰብ ፎቶ ማለት ነው። መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለየው ቤቱ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛም ስፖርት ወዳድ ሕዝብ ነን፤ የስፖርት ታሪካችንን ግን በወሬ እንጂ በመጽሐፍ አንይዘውም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም። ልጁ ፅጌ አበበ ስለ አባቷ መጽሐፍ መጻፏን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ኢትዮጵያ በ1962 እ.ኤ.አ. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ማንሳቷን ወንድሞቻችን ሻይ ላይ ይተርኩታል። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ግን ልጃቸው ታሪካቸውን ጽፎላቸዋል፤ አንጋፋው የስፖርት ጋዜጠኛ ፍቅሩ ኪዳኔም "የፒያሳ ልጅ" የሚል መጽሐፍ አለው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እንደ ልብ አይታተሙም። አንድ ሾፌር ወንድማችን ከአገር ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ጨምሮት የመጣ አንድ ቅጂ፣ ክፍሉን ለቆ ሲሄድ ፍራሽ ሥር ከቀረ፣ ለሚቀጥለው ተከራይ ሻይ ማስቀመጫ ይሆናል።

ታዲያ ጥሩ ቤት የቱ ነው? ብዙ ሰው "ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይግባ" ይላል። እኔ ሁልጊዜ አልስማማም። በየመደብሩ የሚገኝ ልብ ወለድ ከሆነ ለትልቅ ቤተ መጻሕፍት መላክ ድካም ነው፤ አሥር ቅጂ ያለው ቤት አሥራ አንደኛውን መጋዘን ይከተዋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ቤቱ አጠገብሽ ነው፤ ገና ትናንት የመጣችው፣ አረብኛ ያልገባት፣ ማታ ማታ የምታለቅሰው ልጅ ናት ቤቱ። በተለይ የአረብኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ወይም የንግግር መማሪያ ካለሽ አገር ቤት ይዘሽው እንዳትሄጂ። እዚያ ምን ያደርግልሻል? እዚህ ግን "ጨው" እና "ስኳር" በአረብኛ ተምታትቶባት ለምትሰደብ ልጅ ከወርቅ ይበልጣል። የትምህርት መጻሕፍት ከሆኑ ደግሞ በጅዳ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት አለ፤ ካርቶን ተሸክመሽ ከመሄድሽ በፊት ግን ይፈልጉት እንደሆነ በስልክ ጠይቂ።

ብርቅ የሆነውና የማይደገመው ነው ወደ ትልልቆቹ የሚሄደው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ሥራው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈን ነገር መሰብሰብ ነው፤ በምንም ቋንቋ ይሁን። በአረብኛ ስለ ሐበሻ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ከአሠሪዎችሽ ካርቶን ውስጥ ብታገኚ ቤቱ እዚያ ነው። በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው ወመዘክርም አለ፤ አገር ውስጥ የታተመውን ሁሉ የመጠበቅ አደራ ያለበት እሱ ነው። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም የተከፈተው አብርሆት ደግሞ ከሕዝብ መጽሐፍ የተቀበለ ቤት ነው፤ ተማሪው እንደ ንብ የሚገባበት። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሦስቱም የሚሻለው ያደግሽበት ወረዳ ትምህርት ቤት ነው። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ ያለች ተማሪ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ አታነብም። መደርደሪያው ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት ሃያ መጽሐፍ ሲገባለት ምን እንደሚመስል አስቢው።

መካ ያለሽ እህቴ የዚህን ነገር ጥሩ ማሳያ በየቀኑ ታልፊበታለሽ። ከሐረም አደባባይ አጠገብ፣ ነቢዩ የተወለዱበት ነው ተብሎ በሚታመነው ቦታ ላይ የቆመው ያ ሕንፃ የመካ ቤተ መጻሕፍት ነው። የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ሸኽ ዓባስ ቀጣን ቦታው እንዳይጠፋ የመጽሐፍ ቤት አደረጉት። ብዙ ጊዜ መጽሐፍን ቤት ያድነዋል እንላለን፤ እዚህ መጽሐፍ ቤቱን አዳነው። በሐረም ውስጥ የምታነሺው ቁርኣን ላይም "ወቅፍ" የሚለውን አይተሻል። ወቅፍ የተባለ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ተይዞም አይወጣም። እኛ መጽሐፍ ስንሰጥ ይህን ልማድ ብንይዘው ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአማርኛ "ይህ መጽሐፍ አይሸጥም፤ አንብበሽ ለሌላ አስተላልፊ" ብሎ መጻፍ ምን ያስከፍላል?

ስለ ቁርኣን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም ነው። ዛሬ በመዲና ያለው የንጉሥ ፋህድ ማተሚያ ያሳተመው የአማርኛ ትርጉም ስላለ፣ አገር ቤት ብዙ ቤተሰብ አዲሱን ሲያገኝ አሮጌውን ችላ ይላል። ለመቅራት አዲሱ ይበቃል። ለታሪክ ግን የ1961ዱን አዲሱ አይተካውም። የአባትሽ ቤት ሣጥን ውስጥ ካለ አስቀምጪው፤ ቤተሰቡ ሊያኖረው ካልቻለ ተቋም ይወቀው።

አሁን ጠንከር ያለውን ልናገር። ወሎ ውስጥ በየመስጊዱና በየሸኹ ቤት በእጅ የተጻፉ ኪታቦች አሉ፤ በአረብኛም፣ በአረብ ፊደል በአማርኛም። ደብሮቻችን ውስጥ ብራናዎች አሉ። ለእረፍት አገር ስትገቢ "ለከፊልሽ ስጦታ ይሁን" ወይም "እዚያ ጥሩ ዋጋ ያወጣል" የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም። እንዳትቀበዪ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ኤርፖርት ላይ የምትያዢው ደግሞ አንቺ እንጂ ዘመድሽ አይደለም። ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ የወሰዳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው፤ እስካሁን ስንጠይቅ እንኖራለን። በገዛ ሻንጣችን ሁለተኛ መቅደላ መሥራት የለብንም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጥሩ ቤት የሚያገኘው እዚያው አገሩ ነው። ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ለዚህ ምስክር ነው፤ አንድ የከተማው ሰው ከየቤቱ ለቅሞ ኪታቡን፣ ሳንቲሙን፣ የዘፈን ክሩን ሳይቀር አኖረ።

ከአሠሪ ቤት መጽሐፍ ስትወስጂ ደግሞ ጥንቃቄ አይለይሽ። "ይውጣ" የተባለ ዕቃም ቢሆን ሳትጠይቂ ወደ ክፍልሽ አታስገቢው። "ሙምኪን አኹዱ?" ብለሽ ጠይቂ፤ ብትችዪ የመጽሐፉን ፎቶ በዋትስአፕ ልከሽ መልሱ ስልክሽ ላይ ይቅር። ነገ ጠብ ቢነሣ "ሰረቀች" የሚል ቃል ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። በግዕዝ ፊደል በእጅ የተጻፈ ብጥስጣሽ ወረቀትም በየትራሱ ሥር አትበትኚ፤ ፊደላችንን የማያውቅ ሰው የወንድምሽን ስልክ ቁጥር ድግምት ነው ሊለው ይችላል። ማስታወሻ ካለሽ በአንድ ደብተር ይሁን፤ ቦታውም የታወቀ ይሁን።

ደብተሩን ግን እንዳትጥዪው። በ2006 ዓ.ም በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ስለዚያ ጊዜ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ሪፖርቱ ተጽፏል። በሴቶቹ በራሳቸው እጅ የተጻፈው የት አለ? የደመወዝሽን ቀን፣ ወደ ቤት የላክሽውን ሪያል፣ የልጅሽን የመጀመሪያ ድምፅ በስልክ የሰማሽበትን ሌሊት የጻፍሽበት ደብተር ካለሽ፣ ከካርቶኑ መጻሕፍት ሁሉ ብርቁ እሱ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ለአንድ የአይርላንድ የቴኒስ መጽሐፍ ቤት ይፈለግለት ካልን፣ ለዚህ ምን ሊባል ነው?

እናም ኹሩጅሽ ከመመታቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ካርቶኑን ክፈቺ። በመጨረሻዋ ማታ ኪሎ ሲሞላ መጀመሪያ ከሻንጣ የሚወጣው መጽሐፍ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን ይቀራል። ለልጆቹ የሚሆነውን ለይተሽ አሁኑኑ ስጪ። የሚላከውን ካርጎ ለሚልክ ጓደኛሽ ዕቃ መካከል፣ ሳህን እንዳይሰበር በሚደረግበት ቦታ አስገቢው፤ ከጋዜጣ ይሻላል። በእያንዳንዱ ላይ ስምሽን፣ የት እንደገዛሽው ወይም ማን እንደሰጠሽ፣ ዓመተ ምሕረቱንና "ጅዳ" ወይም "መካ" የሚለውን በእስክሪብቶ ጻፊ። ደብተርሽን በእጅ ቦርሳሽ፣ ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢው።