አሰበ ተፈሪ፤ እኛስ ምን አሰብን?

ባለፈው ወር በአውሮፓ ከሚኖር የልጅነት ወዳጄ ዐሥራ አንድ ገጽ ሰነድ ደረሰኝ። የምርምር ጽሑፍ መስሎኝ ላርም መነጽሬን አጠለቅሁ። ሰነዱ ግን የሽርሽር ዕቅድ ነበር። ወዳጄ ጣሪያዋ የሚከፈት ፖርሸ ተከራይቶ ከኒስ እስከ ሞናኮ፣ ከሞናኮም የጣልያንን ድንበር ተሻግሮ እስከ ሳን ሬሞ፣ በባሕሩ ጠርዝ ለአምስት ቀናት ሊነዳ አስቧል። እኔንም «የትኬቱን ነገር ለእኔ ተወው፤ አንተ ቪዛውን ብቻ ጨርስ» ብሎ ጋብዞኛል። አላማረኝም ብል ውሸታም እሆናለሁ። የቤት ኪራይ ከፍሎ ከደመወዙ የሚተርፈውን የሚቆጥር፣ አርባዎቹን ያጋመሰ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሜዲትራንያንን ሰማያዊ ውኃ ቢመኝ የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ሰነዱን ደግሜ ሳነበው ግን የገረመኝ የመኪናዋ ዓይነት አልነበረም፤ የዕቅዱ ጥንቃቄ ነበር። ወዳጄ ለእያንዳንዱ ቀን ሠንጠረዥ ሠርቷል። አንዱ ዓምድ የፍጥነት ገደቡን፣ ሌላው የመቆጣጠሪያ ካሜራዎቹን፣ ሦስተኛው መድኑ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን፣ አራተኛው አደጋ ቢደርስ የሚደወልበትን ስልክ ይዘረዝራል። ለእግረኛ ቅድሚያ የማይሰጥ አሽከርካሪ የሚጣልበትን ቅጣት እንኳ አልዘነጋም።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ያበሳጨኝ እዚህ ላይ ነው። እኔና ይህ ወዳጄ የጭሮ ልጆች ነን፤ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ከፊታችን የምትቀመጥ የክፍላችን ልጅ ከከተማው በላይ ባለው መታጠፊያ ውኃ ቀድታ ስትመለስ የጫት መኪና ገጭቶ ገደላት። መኪናው አልቆመም። ኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ስለ ጉማ ተነጋገሩ፤ ገንዘብ ተከፈለ፤ ነገሩም በረደ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መታጠፊያ፣ የጫት መኪኖቹ በዚያው ፍጥነት አለፉ። ወዳጄ ያን ቀን አልቅሷል። ዛሬ በሰው አገር ለእግረኛ የሚጠነቀቅበት ዓምድ አለው። ለእኛ አገር መንገድ ግን እርሱም፣ እኔም፣ የተማርነው ሁሉ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ዓምድ አላዘጋጀንም።

እልህ ይዞኝ የራሴን ዕቅድ ጻፍሁለት። «የአንተ ባሕር ይቆይህ፤ እኔ የጨርጨርን ተራራ አስነዳሃለሁ» አልሁት። ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥተን፣ አዳማን አልፈን፣ በመተሐራ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ የኖረውን የበሰቃን ሐይቅ በጎን እያየን፣ ሳላ የሚግጥበትን የአዋሽ ፓርክ ሜዳ እናቋርጣለን። የአሰቦትን ገዳም የተሸከመውን ተራራ አሻግረን ተመልክተን ሚኤሶ እንደርሳለን። ሚኤሶ ቆላ ነው። ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሲቀጥል፣ የእኛ መንገድ ወደ ጨርጨር ደጋ ሽቅብ ይጠመዘዛል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በማሽላው ትልም መካከል ጫት የተተከለበት እርከን ከገደሉ ሥር እስከ ተራራው ጫፍ ይታያል። ጭሮ ምሳ በልተን፣ ሂርናን አልፈን፣ የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር ዐብዱላሂ ጦር በ1879 ዓ.ም. በተጋጠሙበት በጨለንቆ አድርገን ቁልቢ እንወጣለን፤ ከዚያም በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ እንወርዳለን። ውበት ፍለጋ ከሆነ ይህ መንገድ ከማንም አያንስም። ባሕር የለውም እንጂ ገደሉም፣ ጠመዝማዛውም፣ አድማሱም አለው።

ከዚያም እንደ ወዳጄ ዓምዶቹን ልሞላ ተቀመጥሁ። ብዕሬ የቆመው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ዓምድ «ጸጥታ» ይላል። ዛሬ ወደ ሐረርጌ ሊነዳ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሆቴል አይደለም፤ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ነው። መልሱንም የሚያገኘው ትናንት ካለፈ ሾፌር ነው እንጂ ከማንም መሥሪያ ቤት አይደለም። ሁለተኛው ዓምድ «የአደጋ ጊዜ ስልክ» ይላል። ቁጥሩ ቢገኝስ፣ አምቡላንሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ደፍሮ የሚጽፍ ማን ነው? ያቺን ልጅ ያነሣት የመንደሩ ሰው ነበር፤ ዛሬም በዚያ ጎዳና የወደቀን ሰው ቀድሞ የሚያነሣው የመንደሩ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዓምድ «መድን» ነው። በ2005 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ፣ ለሞተ ሰው የሚከፈለውን ካሣ ከ5 ሺሕ የማያንስ፣ ከ40 ሺሕ ብር የማይበልጥ አድርጎ ነበር። ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 100 ሺሕ ብር ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያ ሕግ ሚዛን የተሰባበረ የመኪና አካል ከሞተች ልጅ ሊበልጥ ይችል ነበር። ያን አዋጅ ያረቀቁትም፣ ያጸደቁትም፣ ካጸደቁት በኋላ በክፍል ውስጥ ያስተማርነውም ማንበብና መጻፍ የማንችል ሰዎች አልነበርንም።

አራተኛው ዓምድ «ፍጥነት» ነው። ወገኖቼ፣ በጨርጨር ተራራ ላይ የስፖርት መኪና የለም ያለው ማን ነው? አለ፤ የሚጭነው ግን ቱሪስት ሳይሆን ጫት ነው። ጫት በተቀጠፈ በሰዓታት ውስጥ መጠውለግ ይጀምራል፤ ከጠወለገም ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ የበዴሳና የገለምሶ በለጬ ወደ አዲስ አበባ፣ የሌላውም አካባቢ ጫት ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅግጅጋ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከሰዓት ጋር እሽቅድምድም ይገባል። አንድ ሰሞን ሕዝባችን የአይሱዙን የጭነት መኪና «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ለቀልድ አልነበረም። ገበሬውም ቡናውን እየነቀለ ወደ ጫት የዞረው ወዶ አይደለም፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። ሰዓቱን የሚቆርጠው ግን ገበሬው አይደለም፤ ሾፌሩም አይደለም። «ከዚህ ሰዓት ካለፈ አልቀበልህም» የሚለው ነጋዴ ነው። አደጋ ሲደርስ ወኅኒ የሚወርደው ሾፌሩ ነው፤ ሰዓቱን የቆረጠው ሰው ስሙም አይነሣም። የፍጥነት ደንብ የለንም አልልም፤ ወጥቷል፣ ተሻሽሏል፤ የጎደለው ሰዓት ቆራጩን የሚጠይቅ ሰው ነው።

በጫት ሾፌሩ ላይ ብቻ ጣት ቀስሮ መሄድ ግን ለእኛ የተመቸ ማምለጫ ነው። የአዲስ አበባ ባለመኪና ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በደረሱ ቁጥር፣ ራስ መኮንን ወዳሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በዚሁ መንገድ ይተማል። ጭሮ ለእርሱ ነዳጅ መቅጃና ሻይ መጠጫ ናት። ሌሊት ይነዳል፤ በገበያ መካከል ጡሩንባ እየነፋ ያልፋል፤ አህያዋን የምትነዳውን ሴት ይሰድባታል። ስእለቱን አስገብቶ ሲመለስ «መልአኩ አወጣን» ይላል። እምነቱን አከብራለሁ። መልአኩ ያወጣው ግን ከማን ጥፋት እንደሆነ ራሱን ሲጠይቅ አልሰማሁም።

«ዶክተር፣ ደሃ አገር እኮ ነን» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፤ በቁጥር እንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ ከመቶ ሺሕ ሰው በዓመት 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ የፈረንሳይን 5.5 ብሎታል። ፈረንሳይ ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ መኪና አላት፤ እኛ ያለን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መኪና የሌለው ሕዝብ በመኪና ያልቃል። ይህ የድህነት ብቻ ውጤት ቢሆን ኖሮ ጥቂት መኪና ጥቂት ሰው በገደለ ነበር።

የወዳጄ የሪቪየራ መንገድም ሲፈጠር ደኅና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ኬሊ ራሷ ትነዳት የነበረችው መኪና ከሞናኮ በላይ ካለው ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታ ገደል ገብታ ሕይወቷ አልፏል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባለ ሁለት መሥመር የገጠር መንገዶቿን የፍጥነት ገደብ በሰዓት ከ90 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስታወርድ ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ ኋላም አንዳንድ አውራጃዎች ወደ 90 መልሰውታል። ቁም ነገሩ ግን ስለ ዐሥር ኪሎ ሜትር ልዩነት አገር ምድሩ መከራከሩ ነው። በጣልያን በአማልፊ ዳርቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት፣ የአካባቢው ነዋሪ ያልሆነ መኪና በሰሌዳ ቁጥሩ ጎዶሎና ሙሉ እየተፈራረቀ እንዲነዳ ተደርጓል፤ የመንገዱ ባለቤት ነዋሪው ነው ተብሎ። ወዳጄ ሆይ፣ የምትከራየው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ተጨቃጭቀው ያቆሙትን ሕግ ነው። የዚያ ዳርቻ ውበት ባሕሩ ብቻ እንዳይመስልህ።

ባሕር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ የባሕር ዳርቻ የለንም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ የባሕር በር ጉዳይ የመንግሥትም የቡና ቤትም ርእስ ሆኗል። ክርክሩን አልንቅም። ነገር ግን ባሕር ያለ መንገድ አይደረስም፤ ወደ ባሕሩ ከሚወስዱት መንገዶች በአንደኛው ዳር የምትኖረውን ልጅ ያልቆጠረ ትውልድ ወደቡን ቢያገኝ ለማን ነው የሚያገኘው?

ከተማችን አሰበ ተፈሪ የተባለችው ያለ ነገር አይደለም፤ «ተፈሪ አሰበ» ማለት ነው። የቆረቆሯት በሩሲያ የተማሩት፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን። ሥርዓታቸውን ልናወድስም ልንወቅስም እንችላለን፤ ብዙ የሚወቀስ አለው። ነገር ግን አንድ የተማረ ሰው ወደ ጨርጨር ሲመጣ የመጣው ሊያልፍ ሳይሆን ሊያቅድ ነበር። ዛሬ ጨርጨር እልፍ የተማረ ልጅ አፍርታለች፤ ዩኒቨርሲቲም በጭሮ ተከፍቷል። የሚያቅድላት ግን የት አለ? ከወጣነው ብዙዎቻችን የምናቅደው መውጫችንንና ሽርሽራችንን ነው።

ምን ይደረግ ለሚል፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉኝ። አንደኛ፣ ከሚኤሶ እስከ ቁልቢ በየትኛው መታጠፊያ ስንት ሰው እንደሞተ በየዓመቱ በይፋ ይነገር፤ ያልተቆጠረ ሙት አይታዘንለትም። ሁለተኛ፣ መንገዱ በሚያቋርጣቸው ከተሞች ሁሉ የገበያ ቀን እግረኛው የራሱ መሄጃ ይከለልለት። ሦስተኛ፣ ለጫት መኪና ሰዓት የሚቆርጠው ነጋዴ ከሾፌሩ እኩል በሕግ ይጠየቅ። ሦስቱንም ለመጀመር ፖርሸ አያስፈልግም፤ ወዳጄ በሠንጠረዡ ላይ ያዋለው ጥንቃቄ ይበቃል።

ለወዳጄ የመለስሁለትም ይህንኑ ነው። ኒስ አልመጣም። እርሱ ግን ይምጣ፤ በተከራየነው አሮጌ ኮሮላ፣ በቀን ብርሃን፣ ቀስ ብለን እንነዳለን። ከጭሮ በላይ ካለው መታጠፊያ ስንደርስ እናቆማለን፤ ያ መኪና ያላደረገውን እናደርጋለን። የመጀመሪያውን ዓምድ እዚያው ቆመን እንሞላለን፤ በስሟ።

ቸር እንሰንብት።