ዳዊት ከደገሙ በኋላ ምን ያንብቡ?

ፊደሉን ከነአቡጊዳው ለይቶ፣ ዳዊቱን ደግሞ የጨረሰ ሕፃን ግዕዙን እንደ ውሃ ያወርደዋል። በገዛ ቋንቋው ግን ለዕድሜው የተጻፈ መጽሐፍ ቢፈልግ ለብዙ ዘመን የሚያገኘው አልነበረም። ይህን ጉድለት ከሞሉት ሰዎች አንዱ፣ በእኛ አስተያየትም ዋናው፣ ከበደ ሚካኤል ናቸው።

እኒህ ደራሲ በ1909 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወልደው፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከቀመሱ በኋላ ፈረንሳይኛ ተማሩ። ጠላት ከአገራችን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ግጥም፣ ተውኔትና ታሪክ ጻፉ፤ ያረፉትም በ1991 ዓ.ም. ነው። በሦስት ክፍል ያወጡት «ታሪክና ምሳሌ» ግን ከሁሉ ይልቅ በተማሪ ቤት ገብቶ ከልጆች አፍ የማይጠፋ ሆነ። ስንኙ አጭር፣ ቤት አመታቱ የተስተካከለ ስለ ሆነ ልጅ ሳያውቀው በቃሉ ይይዘዋል።

እኒሁ ሰው በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከእርሳቸው አስቀድሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያች አገር ተልከው ያዩትን ጽፈው ነበር። ጃፓን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. ሕፃናት ሁሉ እንዲማሩ ባወጣችው ድንጋጌ ሳቢያ የሚያነብ ልጅ በዛላት፤ አንባቢ ሲበዛም ለልጆች የሚጽፍ አልጠፋም።

ከእነዚህ አንዱ ኒኢሚ ናንኪቺ የከበደ ሚካኤል ዘመነኛ ሲሆን፣ እርሱም እንደ እኛ መምህር ነበር። በ29 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ጎን ስለምትባል ቀበሮ የጻፈው ተረት በ1932 እ.ኤ.አ. ታትሞ ዛሬም የጃፓን ሕፃናት በትምህርት ቤት ያነቡታል። ቀበሮይቱ የአንድ ድኻ ሰው ዓሣ ሰረቀች፤ እናቱ በሞተች ጊዜ ግን ተጸጽታ ከጫካ የለቀመችውን ፍሬ በስውር ታመጣለት ጀመር። ሰውየው ከቤቱ ሲያያት ለስርቆት የመጣች መስሎት ተኮሰባት፤ ፍሬውን ያየው ከወደቀች በኋላ ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ያቆማል። «ስለዚህ ልጆች ሆይ» አይልም።

ከበደ ሚካኤል ግን ይላሉ። ምክሩን በመጨረሻ ገልጠው ያስቀምጡታል፤ ይህም የአባቶቻችን ልማድ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም ምክሩ ቀድሞ የተነገረው ልጅ የሚያስበው ነገር አይቀርለትም፤ በቃሉ ይወጣውና ይቀመጣል። ተማሪ ቤት ውስጥ ይህን ብዙ ጊዜ አይተናል።

ስለ አዝማሪውና ስለ ውሃ ሙላቱ የጻፉትን እንመልከት። አንድ አዝማሪ ሙላት ቢከለክለው መሰንቆውን ይዞ ያሻግረው ዘንድ ወንዙን ያወድሳል፤ መንገደኛው ደግሞ ውዳሴውን የሰማው ውሃ አልፎ እንደ ሄደ፣ አሁን የሚመጣውም ገና እንዳልሰማ ይነግረዋል። ይህን ለሐሙሲት ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጉማራ በክረምት ከጉና ሥር ደፍርሶ ወደ ጣና ሲወርድ ያየ ነውና። (አዝማሪስ በጎንደር አገር መቼ ታጥቶ!) ነገር ግን ሞኙ ማን እንደ ሆነ ብንጠይቀው ወዲያው ከመጨረሻው ስንኝ ያነብልናል እንጂ ከራሱ አይመልስም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ማታ ከእራት በኋላ መጽሐፉን ለልጃችሁ ስታነቡለት የመጨረሻውን ምክር በእጃችሁ ሸፍኑት። አዝማሪው ምን ማድረግ ይሻለው እንደ ነበር ጠይቁት። «ውሃው እስኪጎድል ይቆይ» የሚል ይኖራል፤ «ወደ ላይ ወጥቶ መልካ ይፈልግ» የሚልም ይኖራል። ታናሽ እኅቱም ትናገር፤ አታቋርጧት። እጃችሁን የምታነሡት ሁሉም ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው።