የቤዙ ድምፅ ሲደፈርስ

በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ተከራይተው የሚኖሩ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ለዚህ ዓምድ ጽፈዋል። ዕቁብ ሲወጣላቸው ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዙ፤ አሁን ግን ጓደኞቻቸው፥ «ድምፁ ድፍርስ ነው፤ ሸጠህ ሌላ ግዛ» እያሉ ያዋክቧቸዋል። «የሚቀጥለውን ዕቁብ ልጨምርበት ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሳችን፥ ገንዘብዎን ይያዙ፤ አስቀድመው አንድ ትንሽ ካቻቢቴና ማስመሪያ ያግኙ፥ የሚል ነው።

እንደ ገለጹልን ከሆነ ጊታርዎ ሁለት ፒክአፕ ያለው፥ የሊዮ ፌንደር ፋብሪካ በ1960 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባወጣው የጃዝ ቤዝ ዓይነት የተሠራ ነው። ፒክአፕ ስንል የጭነት መኪናውን አይደለም፤ ከክሮቹ ሥር ያለውን፥ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ የያዘውን ድምፅ ተቀባይ ነው።

ክር በመካከሉ በሰፊው ይወዛወዛል፤ ወደ ብሪጁ በቀረበ መጠን ውዝዋዜው ይጠባል። ስለዚህ ሁለቱ ፒክአፖች በእኩል ከፍታ ከተቀመጡ የአንገቱ ወገን ይጮኻል፥ የብሪጁ ይሸፈናል። ድፍርስ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ይለኩ፤ በወፍራሙ ክር በኩል 3 ሚሊሜትር፥ በቀጭኑ በኩል 2 ተኩል ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ አንዱን ዘግተው ሌላውን ብቻውን እየመቱ ያዳምጡ። ከተበላለጡ የደከመውን ወደ ክሩ ከማስጠጋት ይልቅ የሚጮኸውን ዝቅ ያድርጉ፤ ማግኔቱ እጅግ ከቀረበ ክሩን እየሳበ ድምፁን ያዛባዋል። ብሎኑንም በሩብ ዙር፥ በሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ። በገና ደርዳሪ እንዚራውን ከክሩ ሥር በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ንዝረቱን እንደሚፈልግ ሁሉ፥ ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ማዞሪያዎቹ ናቸው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሲከፈቱ መካከለኛው ድምፅ ጎድሎ ይሰማል፤ ከተለያየ ቦታ የሚቀበሉት ድምፅ በከፊል እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ነው። አንዱን ጥቂት ቢቀንሱ ይመለሳል። ቶን የተባለው ማዞሪያ ደግሞ፥ ባትሪ በሌለው ጊታር ላይ፥ ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ወፍራሙን ከቶ አይጨምርም። እርሱን ዘግተው አምፕሊፋየሩ ላይ ቤዝ የሚያበዙ ሰዎች፥ በባንዱ መካከል ለምን እንደማይሰሙ ሲገረሙ ይታያሉ። ማሕሙድ አሕመድ ከኢቤክስ ባንድ (በኋላ ሮሃ) ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ያዳምጡ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ ቤዙ ራሱን የቻለ ዜማ ሆኖ ሲመላለስ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል።

አንዱን ሲቀንሱ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣ ይሆናል። አይደንግጡ፤ ሁለቱ ፒክአፖች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ ስለሆነ ጉርምርምታውን የሚያጠፉት እኩል ሲከፈቱ ነው። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ በወፍራሙ ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ 49 ነው። እንግዲህ ጉርምርምታው ከራሱ ከዜማው ጋር ስለሚጋፋ በቶን ሊደበቅ አይችልም። ከአምፖልና ከቻርጀር መራቅ፥ ወይም ፊትን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ይረዳል።

ክሩን ሲነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ የጊታሩ ሽቦ ደኅና ነው። ነገር ግን ክሩን ይዘው ሳለ ማይክሮፎኑ ከንፈርዎን ቢነዝርዎ ወዲያው ጨዋታውን አቁመው ሶኬቱን ይንቀሉ። ያ የቤቱ ወይም የአምፕሊፋየሩ የምድር ሽቦ ጉዳይ ስለሆነ በካቻቢቴዎ አይንኩት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ፤ ለአከራይዎም በዚያው ዕለት ይንገሩ።