ከበሽታ የተነሣ ነጋዴና ያገለገለ ጀልባ

ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ ስለቱን ያገባል፤ አንዱ በግ አርዶ ጎረቤት ይጠራል፤ ሌላው ደግሞ በሽታው ያስተረፈለትን ጥሪት አሟጦ እስከ ዛሬ ሞክሮት የማያውቀውን ንግድ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወጪያቸው ይታወቃል። የሦስተኛው ግን ሂሳብ ያስፈልገዋል።

አንድ የአዲስ ቅዳም ነጋዴ እንበል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ሰዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክሎ፣ ከስሎ፣ ከሰሉን በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ እየላከ የኖረ ሰው ነው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። የስድስት ወሩን መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ አግኝቶ ዳነ። መድኃኒቱ በነፃ ቢሆንም ሕመሙ ግን በነፃ አልነበረም፤ በእነዚያ ወራት ከሰሉን የሚጭን፣ ዱቤውን የሚሰበስብ፣ ገዢውን የሚያባብል ሰው አልነበረውም። ተነሥቶ ሲያይ ደግሞ ዛፉም ታሟል። በቅርብ ዓመታት የአካባቢውን የዲከረንስ ማሳ ያጠቃው በሽታ ብዙ ገበሬና ነጋዴ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዞር አስገድዷል። በዚህ መሐል አንድ ደላላ ከባሕር ዳር ደውሎ «ሞተር ያለው የዓሣ ጀልባ በርካሽ ተገኝቷል» ይለዋል። ሐይቁ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪሙም ከጭስ ራቅ ብሎታል። ነገሩ ሁሉ የተመቻቸ ይመስላል።

ለመሆኑ ርካሽ የተባለው ምኑ ነው?

በጣና ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ዓሣ ማጥመድ የረጅም ዘመን ታሪክ የለውም። ለዘመናት ዓሣ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ሲሆን፣ ይህም በዋናነት የወይጦ ማኅበረሰብ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ የመጣ የክርስቲያኖች የእርዳታ ድርጅትና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተሳተፉበት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ። ከዚያ በኋላ ከዳር ተወስኖ የነበረው ማጥመድ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው ሐይቅ መሐል ደረሰ። ጀልባው ሲበዛ ዓሣው አነሰ። በተመራማሪዎች ልኬት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 አንድ የሞተር ጀልባ በአንድ ጉዞ በአማካይ 177 ኪሎ ያህል ያመጣ ነበር፤ በ2001 ወደ 140 ኪሎ ወርዷል። በጣና ብቻ የሚገኙት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች መጠን ደግሞ በዚሁ አሥር ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እነዚህ ዓሦች በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል። ወላዷን የያዘ አጥማጅ የሚቀጥለውን ዓመት ገበያም አብሮ ይዟል።

እንግዲህ ሻጩ የሚሸጠው እንጨትና ብረት ብቻ አይደለም፤ እየቀነሰ በሄደ ዓሣ ላይ ያለውን ድርሻም ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መንገዱ ያረጃል ብሎ አይሰጋም። ጀልባ የሚገዛ ሰው ግን ሐይቁንም መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሞተሩን ተሽከርካሪ ክንፍ እየጠመጠመ፣ መረብ እየጎተተ፣ መውጫ መግቢያውን እየዘጋ ስንት ሥራ እንዳስፈታ የፎገራና የደምቢያ አጥማጆች ያውቁታል። ጀልባው የሚያርፈው በየትኛው ዳርቻ ነው የሚለው ጥያቄ ከሞተሩ ፈረስ ጉልበት በፊት መጠየቅ ያለበት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ጀልባው በ400,000 ብር ተገዛ እንበል፤ 150,000 ለቀፎው፣ 200,000 ለሞተሩ፣ 50,000 ለመረቡ። ቀፎው 10 ዓመት፣ ያገለገለው ሞተር 4 ዓመት፣ መረቡ 1 ዓመት ቢያገለግሉ በዓመት የሚያልቀው 115,000 ብር ነው። በዓመት 200 ሌሊት ቢሠራ በእያንዳንዱ ሌሊት 575 ብር ከጀልባው አካል ላይ ተቆርጦ ይሄዳል። ይህ ቤንዚኑ፣ ዘይቱ፣ የአጥማጆቹ ድርሻ፣ በረዶውና ማጓጓዣው ሳይነካ ነው። ብዙ ጀማሪ ባለጀልባ ይህን 575 ብር ትርፍ ነው ብሎ ይበላዋል። ሞተሩ ሲቆም ነው ካፒታሉን ሲበላ እንደነበር የሚገባው።

ሞተሩ ሲቆም የሚመጣው ዋጋ ደግሞ የድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። መለዋወጫው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ሞተር በብር ተገዝቶ በዶላር ይጠገናል ማለት ነው። ለዚህም ነው «ሞተሩ ትንሽ ጥገና ብቻ ይፈልጋል» የምትለዋ የደላላ ቃል ከጠቅላላው ድርድር ውስጥ በጣም ውዷ የምትሆነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሰውየው ጉልበት አለ። መረብ የሚጣለው ወደ ማታ ነው፤ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ የንጋት ብርድ ገና ከነቀርሳ ላገገመ ደረት የሚመከር አይደለም። ስለዚህ ሥራው በቅጥር ሰው ይሠራል። ባለቤቱ በሌለበት የሚሠራ ጀልባ ደግሞ የሚይዘው ዓሣ ሁልጊዜ ከተጠበቀው ያነሰ ነው፤ የዚህ ምክንያት ዓሣው ብቻ እንዳልሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ጤናው ራሱ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ አቸፈርን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች ሙከራው የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምና ወጪን ለማቅለል የታሰበ ነው፤ ሥራ የፈታበትን ወር ገቢ አይተካም። በሽታው ቢያገረሽ ገንዘቡ ውሃ ላይ ተንሳፎ እንዲገኝ ማድረግ ከድፍረት ያለፈ ነገር ነው። ጀልባ በአንድ ሳምንት አይሸጥም፤ በሕመም ጊዜ የሚሸጥ ጀልባ ደግሞ በገዢው ዋጋ ነው የሚሸጠው።

ታዲያ ጭራሽ አይገዛ ማለት ነው? አይደለም። ብቻውን አይግዛ። ሐይቁን የሚያውቅ፣ ጉልበት ያለው፣ ገንዘብ የሌለው አጥማጅ በባሕር ዳር ዳርቻ ሞልቷል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር በውል ተሸርኮ ግማሹን ማውጣት፣ የቀረውን ገንዘብ በእጅ ይዞ እሱ በሚያውቀው በኩል፣ ማለትም በመጫንና በመሸጥ በኩል መግባት ይችላል። ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ ያደረሰ ሰው ዓሣ በበረዶ ጭኖ ዳንግላና እንጅባራ ማድረስ አያቅተውም። መንገዱ ግን ራሱ ሌላ ሥጋት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ መኪና ስንት ጊዜ መንገድ ላይ እንደቆመ ነጋዴው ያውቃል። ከሰል አንድ ሳምንት ቢቆም ከሰል ነው። ዓሣ አንድ ቀን ቢቆም ዓሣ አይደለም።

ከመግዛቱ በፊት ሦስት በር ማንኳኳት አለበት። አንደኛው የብሔራዊ ባንኩ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ጀልባም በብድር ሊያዝ ስለሚችል፣ ሻጩ ባንክ ያሲዘውን መልሶ እንዳይሸጥለት። ሁለተኛው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለሚጠይቀው የማጥመድ ፈቃድ ከክልሉ መሥሪያ ቤት ማጣራት ነው። ሦስተኛው መካኒክ ነው፤ ሻጩ ያመጣው መካኒክ ሳይሆን ገዢው የከፈለው። ሞተሩም በርሜል ውስጥ ሳይሆን ሐይቅ ላይ፣ ጭነት ተጭኖበት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይነዳ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል፤ ከወር በኋላ የሚመጣ ለቅሶ ሰሚ ላያገኝ ይችላል።

ጊዜውም ይመረጥ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፤ ገበያው ግን መልሱን ከሰጠ ቆይቷል፤ በሁዳዴ ፈላጊው ይበዛል፣ የጀልባ ባለቤትም አንገቱን ያቀናል። ደላላው የደወለው በዋዜማው ከሆነ በአጋጣሚ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ሥጋ ቤቱ ሲከፈት የቆሮሶና የአምባዛ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ያው ጀልባ፣ ያው ሞተር፣ ያው ሻጭ እዚያው ዳርቻ ላይ ይገኛሉ፤ ዋጋው ግን ለድርድር የተመቸ ይሆናል። ከሁዳዴ እስከ ፋሲካ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ለደረቱም ተጨማሪ ዕረፍት ናቸው።